ጨው አይወጣም፣ አገሩ ነው የሚሰምጠው

ቴክሳስ 12 ዓመት ስኖር በጣም የናፈቀኝ ነገር ምንድነው ብትሉኝ ዳገት ነው። ሳቁ። እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ቤተክርስቲያኑም አለ፣ ዳገት ግን የለም። ደሴ ተወልዶ ጦሳን ቀና ብሎ እያየ ላደገ ሰው ሂዩስተን ማለት ምጣድ ናት፣ ዝርግ፣ ደግሞ የጋለ። ከፍታ ካማረህ የሀይዌይ ድልድይ ላይ ትወጣለህ፣ አለቀ።

ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ለሳይንስ ፕሮጀክቷ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ "አባዬ ዳገት አገኘሁልህ" ስትለኝ ቅዳሜ ጠዋት መኪና አስነሳን። ቦታው ዴመን ይባላል፣ ከሂዩስተን ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ዴመን ማውንድ ነው የሚሉት። ሜዳ ሜዳ ሜዳ ትሄዳለህ፣ ከዛ መኪናው ትንሽ ያቃስታል፣ ከዛ እንደገና ሜዳ። ልጄ "አለፍነው'ኮ!" ብላ ጮኸች። እውነትም አልፈነዋል። ዙሪያውን ካለው ሜዳ 25 ሜትር ገደማ ነው ከፍ የሚለው፣ ጦሳ ቢያየው "አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ" የሚለው አይነት።

ዞረን ተመለስንና መንገድ ዳር ቆምን። ልጄ ከስልኳ እያነበበች አስረዳችኝ። ይሄ ጉብታ እንደኛ አገር ተራራ እሳተ ገሞራ የወለደው አይደለም። ከስሩ የጨው ምሰሶ አለ። የምሰሶው አናት ከመሬት ወለል 200 ሜትር እንኳ አይርቅም፣ እግሩ ግን ኪሎሜትሮች ወደታች ነው። በዚህ ባህር ዳርቻ ሁሉ፣ ከቴክሳስ እስከ ሉዊዚያና፣ ባህሩም ስር ጭምር፣ እንዲህ ያለ የጨው ምሰሶ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። የጨው ዶም ይሏቸዋል። ሁሉም የተነሱበት እናት የጨው ንጣፍ ከባህር ዳርቻው ስር ከ10 ኪሎሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው ያለው፣ ማለት ሁለት ራስ ዳሸን አንዱን ባንዱ ላይ ብትደራርብ ከታች ሆኖ ላይ ለመድረስ ይቸግረዋል። እኔ እዛ ቆሜ ያሰብኩት ግን ስለ ጥልቀቱ አልነበረም፣ ስለ እማዬ ጓዳ ነበር።

አሞሌ ታውቃላችሁ አይደል? የአሁን ልጆች ጨው ማለት በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ይመስላቸዋል። እኛ ቤት ከአፋር የመጣ አሞሌ ነበር፣ ግራጫ፣ ጠርዙ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ ላዩ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ መስመር መስመር ያለው። እማዬ በዘነዘና ጫፉን ትፈነክተውና የተረፈውን ከምድጃው በላይ ታስቀምጠዋለች፣ ምክንያቱም ክረምት ሲገባ ያልበዋል። በልጅነቴ በጣም የሚገርመኝ እሱ ነበር፣ ድንጋይ ሲያልበው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባል የለ? እኔ ደግሞ ድንጋይነቱንም ጨውነቱንም አላምነውም ነበር። በኋላ እንደገባኝ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፣ ጨው ድንጋይ የሚሆነው ለእኛ ነው። ለመቶ ሺህ ዓመትና ለሚሊዮን ዓመት ፈሳሽ ነው።

እንዴት ቢባል፣ ሳይቀልጥ ነው የሚፈሰው። ጠጣር እንደሆነ። ከፍሪጅ የወጣ ቅቤ ላይ አውራ ጣትህን ብትጭን አይሰበርም፣ ይሸሻል፣ እንደዛ። ውስጡ ያሉት የጨው ቅንጣቶች ሲጨመቁ ቅርጻቸው ይቀየራል፣ በመሃላቸው ያለችው ጠብታ የማትሞላ እርጥበት ደግሞ ከተጨነቀው ጎን ጨው እያሟሟች ካልተጨነቀው ጎን መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል፣ ወደታች በሄድክ ቁጥር ደግሞ ይሞቃል። ጎረቤቱ ያለው ድንጋይ ሲገፉት ይሰነጠቃል፣ ጨው ሲገፉት ይሄዳል።

ታዲያ መጀመሪያ ይሄ ሁሉ ጨው ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው የአገሬ ነገር ከቴክሳስ ነገር ጋር የሚገናኘው፣ እኔም ሳነበው ወንበሬ ላይ ተነስቼ የቆምኩበት። ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ገና መከፈት ሲጀምር፣ አህጉር እየተቀደደ ስምጥ ሸለቆ ሆኖ ሳለ፣ የባህር ውሃ እየገባበት በፀሐይ እየደረቀ፣ እየገባ እየደረቀ፣ ጨው በጨው ላይ ተነጠፈ። ይሄንን ታሪክ አታውቁትም? ዳናክል'ኮ ነው! እዛም መሬቱ እየተቀደደ ነው፣ ወለሉ ከባህር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፣ ቀይ ባህር በየዘመኑ ገብቶ ደርቆ የተወው ጨው በቁፋሮ ሲታይ አንዳንድ ቦታ ከኪሎሜትር በላይ ይወፍራል። የእማዬ አሞሌ የዚህ የላይኛው ቅርፊት ነው። ስለዚህ አፋሮች በመጥረቢያና በእንጨት እየፈነቀሉ በግመል የሚጭኑት ሜዳ ቴክሳስ በልጅነቷ ማለት ነው። የቴክሳሱ አሮጌ ነው፣ ተቀብሯል፣ ላዩ ላይ ብዙ ተጭኖበታል። የኛው ገና ፀሐይ ላይ ነው። ዳሎል ላይ ጨዉ 40 ሜትር ምናምን ጉብ ያለበት አለ፣ እሱን ግን ብዙዎቹ አጥኚዎች የሚያያይዙት ከስሩ ከሚገባው የቀለጠ ድንጋይ ጋር ነው፣ ከዴመን ጋር በቀጥታ አንድ አይደለም።

ወደ ፕሮጀክቱ። ልጄ ያገኘችው ሙከራ ቀላል ነው፣ በ1934 ኔትልተን የሚባል ሰው የሰራው (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጨው ቀሊል ነው፣ አንድ ሊትር የሚሞላ ጨው 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቢቀበርም ያው ነው፣ ተጠቅጥቆ አይከብድም። ጭቃና አሸዋ ግን ገና ሲነጠፍ ከጨው ይቀላል፣ እየተቀበረ ሲሄድ ውሃው ይወጣና ይጠብቃል፣ ከአንድ ሁለት ኪሎሜትር በታች ከጨው በላይ ይከብዳል። ከባድ ከላይ ቀሊል ከታች ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀሊሉ መውጣት አለበት። ኔትልተን ዘይትና የበቆሎ ሽሮፕ ተጠቅሞ ዘይቱ በሽሮፑ ውስጥ እንደ እንጉዳይ ራሱን አሳብጦ ሲወጣ አሳየ። ቅርጹ በቁፋሮ የሚታወቁትን የጨው ምሰሶዎች ቁርጥ ነው።

እኛም ሽሮፕ ስላልነበረን ከሱፐርማርኬት የተገዛ ማር ማሰሮ ውስጥ፣ ማለት የጃም ጠርሙስ ውስጥ አድርገን ከላይ የምግብ ዘይት ሞላንበት፣ ከደንን፣ ገለበጥን። ቆንጆ ሆነ! መጀመሪያ ዘይቱና ማሩ የሚገናኙበት መስመር ሞገድ ሞገድ አለ፣ ከዛ አንዷ ጉብታ ከሌሎቹ ቀደመች፣ አንገቷ ቀጠነ፣ ራሷ ከበደ፣ ወደላይ ተንሳፈፈች። ልጄ በስልኳ ቀረጸችው። ነገር አለቀ ብዬ ነበር።

ግን መድገም አለባችሁ ይላል የአስተማሪዋ ወረቀት፣ ሶስት ጊዜ። የሱቁ ማር ደግሞ አለቀ። ስለዚህ እኔ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ከአገር የመጣውን ማር አወጣሁ። ነጭ ማር፣ የላስታ፣ የባለቤቴ እህት በሻንጣ ልብስ መሃል ጠቅልላ ያመጣችው። ቀዝቅዞ ግማሹ ረግቷል። በማንኪያ እየገፋን ጠርሙሱ ውስጥ ጠቀጠቅነው፣ ዘይቱን ሞላን፣ ገለበጥን። ምንም። አስር ደቂቃ፣ ምንም። ግማሽ ሰዓት፣ ማሩ ከላይ እንደ ቡሽ ተወትፏል፣ ዘይቱ ከታች ቁጭ ብሏል። ልጄ ተበሳጨችና ሄዳ ተኛች፣ እኔም ጠርሙሱን እዛው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ዘይቱ ላይ ወጥቷል። ግን እንደ እንጉዳይ አይደለም። በአንድ ጎን ብቻ፣ ጠርሙሱን ተጠግቶ፣ ልጄ ማታ በማንኪያ እጀታ ማሩን የወጋችበት ቀዳዳ ነበረ፣ በሱ ነው ሾልኮ የወጣው። የቀረው ማር ንቅንቅ አላለም።

ይሄንን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ለአንድ ጋሼ ለምንላቸው ሰው ነገርኳቸው። ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባህረ ሰላጤው ላይ ሳይስሚክ ሲያነቡ የኖሩ፣ የመሬት ኤክስሬይ በሉት። ስኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

"ሁለተኛው ነው ልኩ" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ድንጋይ'ኮ ማር አይደለም ልጄ። ኪሎሜትር የሚወፍር ድንጋይ ከላይ ተዘግቶበት ጨው በቅለቱ ብቻ በስቶት ሊወጣ? አቅም የለውም። ሌላ ነገር ቀድሞ ሊወጋለት ይገባል። መሬቱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ይገባል። ወይ ደግሞ..." ብለው ከጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦውን አዩና "ሊጥ ስታቦካ እጅህን ስትጫነው በየት ነው የሚወጣው?"

"በጣቶቼ መሃል።"

"አዎ። ወንዙ ደለሉን እኩል አያራግፍም። እዚህ ጋ ይከብዳል እዛ ጋ ይቀላል። ጨው ከተጫኑት ቦታ ሸሽቶ ወዳልተጫኑት ይሄዳል። እና ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ፣ ጨው ወጣ ወጣ ትላላችሁ፣ ጨው ብዙውን ጊዜ አይወጣም። አገሩ ነው የሚሰምጠው።"

ይሄን ብለው ቡናቸውን ጠጡ። እኔ ግን ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰው በጨው እንቅልፍ ያጣል?

የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ጨዉ አናቱን ከባህሩ ወለል አጠገብ ያደርጋል። ሚሲሲፒና ብራዞስ፣ ሌሎቹም ወንዞች፣ የአህጉሩን አፈር እያመጡ ዙሪያውን ያራግፋሉ። ደለሉ እናት ጨዉን ይጫናል፣ እናት ጨዉ እየተጨመቀ ወደ ምሰሶው ይሄዳል፣ ጨዉ ከስሩ የሸሸው ደለል ይሰምጣል፣ በሰመጠው ላይ ሌላ ደለል ይመጣል። የምሰሶው አናት ግን ያው እዛው ነው፣ ከወለሉ ከፍ ዝቅ ሳይል፣ ዙሪያው ሲሞላ እሱም በዛው ልክ እየተመገበ። በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አራት አምስት ኪሎሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ታገኛለህ፣ አናቱ ግን አንድም ቀን ኪሎሜትር ድንጋይ በስቶ አያውቅም። ተበስቶ የሚያውቅ ድንጋይም የለም፣ ድንጋዩ ከመጀመሪያውም በጎኑ ነው የተነጠፈው። የሚገርመው ይሄን ሃሳብ ዶናልድ ባርተን የሚባል ጂኦሎጂስት በ1933 ጽፎታል፣ ከኔትልተን ጠርሙስ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ግን የጠርሙሱ ስዕል ያምራል፣ ማንም ኩሽናው ውስጥ ሊያየው ይችላል፣ ስለዚህ ለሃምሳ ዓመት ያህል ጠርሙሱ አሸነፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳይስሚክ ምስሉ ጠርቶ ሲመጣ ነው ወደ ባርተን የተመለሱት። እኔ በዚህ ኔትልተንን አልወቅሰውም፣ እኔም ቪዲዮውን ለሰፈሩ ሁሉ ልኬዋለሁ።

ለሁሉም ጨው ግን ይሄ አይሰራም፣ በእውነት የሚወጣም አለ። እስራኤል ውስጥ ሙት ባህር ዳር የሰዶም ተራራ የሚሉት አለ፣ 11 ኪሎሜትር ገደማ የሚረዝም ጨው፣ እዛ አገር ያላችሁ ወገኖች ወደ ኢላት ስትነዱ በጎኑ ነው የምታልፉት። እዛው ዳር ለብቻዋ የቆመች አንዲት አምድ የሎጥ ሚስት ትባላለች። ይሄ ተራራ ዛሬም በዓመት ከ5 እስከ 9 ሚሊሜትር እየወጣ ነው፣ በሳተላይት ለክተውታል። ጥፍራችን በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፣ ስለዚህ ተራራው ከጥፍር ይዘገያል። ግን ጥፍር እንቆርጣለን፣ እሱን የሚቆርጠው ዝናብ ብቻ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ እዛ አይመጣም ማለት ይቻላል። ኢራን ዛግሮስ ተራሮች ላይ ደግሞ ጨዉ መሬቱን ጥሶ ወጥቶ እንደ በረዶ ግግር ቁልቁል ይፈሳል፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው ይፈጥናል። እነ ቴክሳስ እርጥብ አገር ናቸው፣ እዚህ ጨው ወለል ድረስ ብቅ ቢል በዝናብ ታጥቦ ያልቃል። የከርሰ ምድር ውሃውም አናቱን እየላሰ ያሟሟዋል፣ ጨዉ ሲሄድ ውስጡ የነበረው የማይሟሟ ነገር፣ ጀሶና የጀሶ ዘመድ፣ ከላይ ይከማችና ቆብ ይሆናል። ቆቡ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ የኖራ ድንጋይና ድኝ ይሰራል። ድኙን ድሮ በትኩስ ውሃ እያቀለጡ ያወጡት ነበር።

ነዳጁን ሳልነካ ባልፍ የቴክሳስ ሰው ይታዘበኛል። ቦሞንት ከተማ አጠገብ ስፒንድልቶፕ የምትባል ጉብታ ነበረች፣ ከዴመን በጣም ያነሰች፣ ቆመህ ካልተነገረህ የማታያት። አንቶኒ ሉካስ የሚባል ኢንጂነር፣ ሉዊዚያና ላይ ጨው ሲቆፍር የቆየ፣ ጨው ያለበት ጋ ነዳጅ ይኖራል ብሎ ያምን ስለነበር እሷ ላይ ቆፈረ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1901 ነዳጁ ገነፈለ፣ ለመዝጋት 9 ቀን ፈጀባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጨው ምንም አያሳልፍም፣ በጎኑ ያሉትን ንጣፎች ደግሞ ወደላይ ያጥፋቸዋል፣ ወደላይ ሲንሳፈፍ የመጣ ነዳጅ እጥፋቱ ጋ ደርሶ መሄጃ ያጣል። አሁን ደግሞ ተገልብጦ መንግስት ነዳጁን መልሶ እዛው ጨው ውስጥ ያስቀምጣል። ውሃ እየጨመሩ ጨዉን አሟሙተው ይቦረቡሩታል፣ 1 በርሜል ቦታ ለማግኘት 7 በርሜል ውሃ፣ አንዱ ጉድጓድ 60 ሜትር ስፋት ኖሮት ቁመቱ ከ700 ሜትር ይበልጣል። ግን ጨው ጨው ነው፣ ቀዳዳ አይወድም፣ ያን ጉድጓድ ራሱ ቀስ እያለ እየገፋ ያጠበዋል። ጋሼ "ተኝቶ አያውቅም" ነው የሚሉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅ ትዝ አለኝ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ። ሂዩስተንና አካባቢዋ ከ300 በላይ የመሬት ስንጥቅ አለ፣ የተወሰኑት ከጨው ዶሞቹ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ አስፋልት የሚያነሱ ቤት የሚከፍሉ አሉ። ደስታ ደስታ አለኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ከሳሎኔ ስር ጨው እየሰራ ነው ብዬ። ፋውንዴሽን የሚያይ ሰው ጠራሁ። ሰውየው ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው፣ ውጭ ወጥቶ ሳሩን አየ፣ ከዛ "ሸክላ አፈር ነው፣ በጋ ላይ ይጨማደዳል፣ ዙሪያውን ውሃ አጠጣው" ብሎ 150 ዶላር ተቀብሎኝ ሄደ። ስለዚህ አሁን ማታ ማታ ቤቴን ውሃ አጠጣለሁ፣ እንደ ጎመን።

ለጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ። እሺ አገሩ ነው የሚሰምጠው፣ ታዲያ ዴመን ለምን ከሜዳው ከፍ አለ? ዴመን ላይ የኖራ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ውስጥ'ኮ ኮራል፣ ማለት የባህር እንስሳ የሚገነባው ድንጋይ አለ፣ ጥንት ባህሩ ወለል ላይ፣ ምሰሶው ትንሽ ጉብ ስላደረገው ጥልቀቱ በቀነሰበት ቦታ ያደገ። ያው ንጣፍ ከዴመን ወጣ ስትል ድንጋይ ስር በጣም ወደታች ተቀብሮ ነው የሚገኘው።

ስልክ ደወልኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ኮራሉን የሚመለከት ከሆነ" አሉ "አብዛኛው እሱ አልወጣም፣ ጓደኞቹ ወረዱ እንጂ። እነዛ 25 ሜትሮች ግን እውነት ናቸው። ሜዳው ትናንት ነው የተነጠፈው፣ ከሱ በላይ ከሆነ ጨዉ ገፍቶታል።"

"ስለዚህ ይወጣል?"

"ትንሽ ትንሽ" አሉ፣ ከዛ ሚስታቸው ሲጠሯቸው ተሰማና ዘጉት።

እማዬን ደሴ ስደውልላት ይሄን ሁሉ አወራሁላት፣ ስለ ቴክሳስ ጨው፣ ስለ አፋር ጨው፣ ሁለቱ የአንድ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ ስለመሆናቸው። አዳመጠችኝና "እና አሞሌ ይሸጣል እዛ?" አለች። አይሸጥም እማዬ፣ መንገድ ላይ በረዶ ሲጥል ነው የሚበትኑት። "ጨው? መንገድ ላይ?" አለችና ረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ እኔም ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ቆየሁ።

ፕሮጀክቱ ቢ ፕላስ አገኘ። ባለቤቴ ስለ ማሩ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ጠርሙሱን ግን አልደፋችውም፣ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ እየቀዳች አወጣችው፣ የቀረውን በወረቀት ጨፈቀችው፣ ማሩን አተረፈችው። ትንሽ የዘይት ጣዕም አለው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ላይ እየቀባን ጨረስነው።